«ግራው» ያልኩት ሰው በሕይወት አለ

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚያው የምኖር የ57 ዓመት ሰው ነኝ። ጨዋታ አዋቂ ነህ ይሉኛል። ሰርግ ቤት ብቻ ሳይሆን ልቅሶ ቤትም ሦስተኛው ቀን ላይ ሰዉ ሲደክመው «እስቲ ያንን የወታደሩን ጨዋታ አምጣው» የሚለኝ አይጠፋም። ጣጣው የመጣብኝም ከዚሁ ጨዋታ ነው።

በ1980 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመልኩና ከወሎ ርቆ ወዳለ ማሠልጠኛ ተወሰድኩ። እዚያ ከሃይቅ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ ገበሬ ከጎኔ ደረሰኝ። በዕድሜ አምስት ስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይህ ሰው ሰልፍ ላይ ግራና ቀኙን አያውቅም። «ግራ ዙር!» ሲባል እኛ ወደ ግራ፣ እሱ ወደ ቀኝ። ከግራዬ ስለሚቆም በየማለዳው አፍንጫ ለአፍንጫ እንገጥማለን። በዚያ መሀል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደምን አደርክ?» ይለኛል። እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ፣ ቅጣቱ ለሁለታችንም ይደርሳል።

አንድ ማታ «አንተ ሰው፣ ስታርስ በግራ የምትጠምደው በሬህ ማን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ዳማ» አለኝ። «የቀኙስ?» «ቦራ»። በነጋታው አሠልጣኙ «ግራ ዙር!» ሲል እኔ ከጎኑ «ዳማ!» አልኩት። እንደ እንዝርት ዞረ። ከዚያ ወዲያ የኔን ድምፅ እንጂ የአሠልጣኙን አይሰማም። እኔም «ግራው» የሚል ስም አወጣሁለት፤ አሠልጣኞቹ ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሩት ጀመር።

ሌሊት ዘብ ላይ ቆሞ ደግሞ መቶ አለቃው ሊፈትነው መጣ። «ቁም! ማን ነህ?» አለ። «እኔ ነኝ» አለው መቶ አለቃው። «እሺ ይለፉ!» መቶ አለቃው ተናደደ፤ «የይለፍ ቃሉን አትጠይቀኝም?» ቢለው፣ «ጌታዬ፣ ድምፅዎን እያወቅሁ ምን ብዬ ልጠይቅዎ? ነውር አይደለም እንዴ» አለ። ተቀጣ። በሚቀጥለው ሌሊት መቶ አለቃው ተመልሶ ሲመጣ አስቁሞ ጠየቀው። መቶ አለቃውም በትክክል መለሰ። የኛ ሰውዬ ዝም። ቆይቶ፣ «ወላሂ ጌታዬ፣ እኔም ረስቼዋለሁ፤ ከሁለታችን አንዳችን እስክናስታውስ እስቲ እዚህች ድንጋይ ላይ አረፍ ይበሉ» አለው።

ፍተሻ በተደረገ ቀን ከፍራሹ ሥር የተጠራቀመ ኮቾሮ፣ ያ የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ ተገኘ። «ይህ ምንድን ነው?» ሲባል «ክፉ ቀን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም ጌታዬ» አለ። በረጅሙ የእግር ጉዞ ቀን ደግሞ ቡትስ ጫማውን በማሰሪያው አገናኝቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባዶ እግሩን ወጣ። ሃምሳ አለቃው ሲጮህበት «ይህን የመሰለ ጫማ በድንጋይ ላስጨርሰው? ለአረፋ ይሆነኛል» አለው። (በዚያ ጉዞ እግሬ ውሃ ቋጥሮ መራመድ ሲያቅተኝ ትጥቄን ከራሱ ትጥቅ ጋር ደርቦ ያደረሰልኝ እሱ ነው። ይህን ሰርግ ላይ አላወራውም፤ አያስቅማ።)

ሥልጠናው ሲያልቅ ተለያየን። እኔ ትምህርት ስላለኝ ለጽሕፈት ሥራ ቀረሁ፣ እሱ ወደ ሰሜን ተላከ። ሞቷል ብዬ ነበር የማምነው። ለዚህም ይሆናል ጨዋታውን ያለ ሐሳብ የማወራው፤ የሞተ ሰው አይቀየምም።

ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ የዘመድ ሰርግ ላይ ጨዋታውን አንድ በአንድ አወረድኩት። ዳሱ በሳቅ ሲናወጥ አንድ 30 ዓመት የሚሆነው ልጅ ዝም ብሎ ያየኛል። ሰዉ ሲበተን ተከትሎኝ ወጣና «ጋሼ፣ በሬዎቹን ዳማና ቦራ ነው ያሏቸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አባቴ ነው። ደህና ነው፣ እዚያው ሃይቅ ወዲያ አለ። ጥቁር በሬ ገዝቶ እንኳ ዳማ ነው የሚለው፤ ሰፈሩ ይስቅበታል። ስለ ውትድርናው ግን እኛ ቤት አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሰላም ብለውሃል ልበለው?» እኔ ምላሴ ተሳሰረ። ስልኩን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝና ሄደ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ፣ አልደወልኩም። ባለቤቴ «ድሮም አፍህን ብትሰበስብ ኖሮ! አሁን ሽማግሌ ይዘህ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ» ትላለች። አንድ ወዳጄ ደግሞ «በጨዋታ ማን ይቀየማል፣ እርሳው» ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ላይ ሲጠይቁኝ ጉሮሮዬን አሞኛል እያልኩ ነው። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝስ እኔ ነኝ፣ ከደሴ

* * *

ጋሼ፣ «አብሽር» ብዬ ልጀምር። ያደግሁት ወሎ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ደግሞ ልደብቅዎት አልችልም፤ «አንዳችን እስክናስታውስ እስቲ አረፍ ይበሉ» የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ጮኼ ሳቅሁ። ስለዚህ «እንዲህ ያለ ጨዋታ ነውር ነው» ብዬ ልገሥጽዎት አልችልም። ብሞክርም አያምርብኝም።

ልጁ ያለዎትን እንደገና ያንብቡት። «አባቴን ለምን ሳቁበት?» አላለዎትም። «ሰላም ብለውሃል ልበለው?» ነው ያለው። ይህ የተቀየመ ሰው ጥያቄ አይመስለኝም፤ አባቱ ስለዚያ ዘመን ምንም ስላልነገረው ነጋሪ ያገኘ ልጅ ጥያቄ ነው። እርግጥ ዳሱ ውስጥ አልሳቀም። እርስዎ በዚያ ዕድሜ አባትዎን ሳያስቡት በሰው ሰርግ ላይ ቢያገኟቸው ይስቁ ነበር? ልጁን ያስከፋው፣ ካስከፋው ማለቴ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የሁለት ወር ዝምታ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሰላምታ ተጠይቆ መልስ ያልሰጠ ሰው ወሎ ውስጥ ምን እንደሚባል ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅሁ። በሁለተኛው ኮቾሮው ላይ ቆምኩ። እርስዎ የተመለመሉት በ1980 ነው። እሱ ከርስዎ በአምስት ስድስት ዓመት የሚበልጥ ገበሬ ነበር። እንግዲህ የ77ቱ ድርቅ ሲመጣ ጎልማሳ፣ ምናልባትም ጎጆ የወጣ ሰው ነበር ማለት ነው። የኮረምንና የባቲን መጠለያ ላየ ወይም ለሰማ የወሎ ሰው «ክፉ ቀን» ተረት አይደለም፤ የሦስት ዓመት ትዝታ ነው። ፍራሽ ሥር ኮቾሮ የሚያጠራቅም ሰው ምን አይቶ ይሆን? ደግሞስ እነዚያ በሬዎች! «ዳማ» እያሉ ሲያዞሩት ዳማ የት ነበር? ቤቱ ቆሞ ድርቆሽ እየበላ ነበር ወይስ በ77 አልቆ? መልሱን አላውቅም፤ ልገምትልዎትም አልፈልግም። ግን ዳማ የመልክ ስም አይደል? ጥቁር በሬ ገዝቶ ዳማ የሚል ሰው እንዲሁ በሰፈር ከሚሳቅበት አንድ ሰው ቢጠይቀው ምን ይጎዳል? እርስዎ ይህን ለመጠየቅ ከማንም የቀረቡ ነዎት። ያንን ስም በየማለዳው በጆሮው የሚጠሩለት እርስዎ ነበሩ።

እንዲህ ስል ጨዋታው ሁሉ ኀዘን ነበር እያልኩዎት አይደለም። በሦስተኛው ንባቤ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ፤ እውነት ይህ ሰው ሞኝ ነበር? በጨለማ መሣሪያ ይዞ ቆሞ አለቃውን «እስክናስታውስ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ» የሚል ሰው፣ ሰልፍ መሀል አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ «እንደምን አደርክ?» የሚል ሰው! የኛ አገር ገበሬ ሰሙን ለባለ ሥልጣን ሰጥቶ ወርቁን ለራሱ ማስቀረት ያውቅበታል። መቶ አለቃው ትናንት ስላልተጠየቀ ቀጣው፤ በማግስቱ ደግሞ እሱ መቶ አለቃውን ጠይቆ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ አለው። ማን በማን ላይ እየተጫወተ እንደነበር እርግጠኛ ነዎት? ከመካከላችሁ ዋናው ተጫዋች እሱ ሆኖ፣ እርስዎ 37 ዓመት ሙሉ የእሱን ጨዋታ ሲያስተላልፉለት ኖረው እንደሆነስ? በርግጥ ግራና ቀኙ የምር ጠፍቶትም ሊሆን ይችላል። ወጣት አንባቢዎቼ እንዲረዱት ልንገራቸው እንጂ ለእርስዎ አይነገርም፤ የ1975ቱ አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሁሉ ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ሲጠራ፣ ገበሬ ማኅበሩ ኮታ ለመሙላት ከማሳ ላይ የወሰደው ብዙ ነው። እርፍ ከጨበጠ እጅ ላይ እርፉን ወስዶ በማግስቱ «ግራ ዙር» ማለት ለማንስ ቀላል ነው?

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፣ አይቀየሙኝ። በደብዳቤዎ ውስጥ በቅንፍ ያስቀመጡት ነገር አለ። ትጥቅዎን ደርቦ ተሸክሞ ያደረሰልዎት ባዶ እግሩን የሄደው ሰው ነው። «አያስቅማ» ብለው አለፉት። እኔ ግን ያስቃል ባይ ነኝ። 12ኛ ክፍል የጨረሰው የደሴ ልጅ በቡትስ ጫማ እግሩ ውሃ ቋጥሮ ሲያነክስ፣ ግራና ቀኙን የማያውቀው ሰው ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሁለት ትጥቅ ተሸክሞ፣ ምናልባትም እያፏጨ ሲያልፍ ይታየኛል። ይህ ካላሳቀ ምን ሊያስቅ ነው? ይህኛው ጨዋታ ላይ የሚሳቅበት እርስዎ ስለሆኑ ይሆን በቅንፍ የቀረው? ተቆጥቼ አይደለም የምጠይቅዎት። ሁላችንም በምናወራው ጨዋታ ውስጥ ራሳችንን የምናስቀምጥባት ምቹ ቦታ አለችን።

ሌላም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር አለ። እርስዎ ለጽሕፈት ሥራ ቀሩ፤ እሱ ወደ ሰሜን ሄደ። 1980 ኤርትራ ውስጥ የነበረው ትልቁ የጦር ሠፈር አፍአበት በሻዕቢያ እጅ የወደቀበት ዓመት ነው፤ በዚያን ጊዜ «ወደ ሰሜን» ማለት ምን ማለት እንደነበር አውቀው ነው ሞቷል ያሉት። «የሞተ ሰው አይቀየምም» ብለው ጽፈዋል። ምናልባት ግን ነገሩ የዚህ ግልባጭ ይሆናል። እሱ ሞቶ እርስዎ መትረፍዎ ከብዶዎት በየሰርጉ ስሙን ሲያነሱ ኖረው ይሆናል። ተዝካር ይሉት ሰደቃ፣ በራስዎ መንገድ እያወጡለት። እንዲያ ከሆነ ስልኩን ለማንሳት እጅዎ የከበደው በጨዋታው አፍረው ብቻ ላይሆን ይችላል። ቢያገኙት የሚጠይቅዎትን ጥያቄ ስለሚያውቁት ይሆናል። «አንተስ የት ሄድክ?» ቢልዎት ምን ይሉታል? እባክዎ ከመሄድዎ በፊት ለዚህ ይዘጋጁ። «ጽሕፈት ቤት ቀረሁ» ይበሉት። «ምን ላድርግ ትእዛዝ ነው» የሚለውን አይጨምሩበት፤ እሱ ራሱ ይጨምርልዎታል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? የባለቤትዎ ምክር ግማሹ ልክ ነው፤ ይሂዱ። ሽማግሌ ግን አይያዙ። ሽማግሌ ይዘው ከሄዱ ምንም ያልተጣላውን ሰው ተጣልቶ ያድር ያደርጉታል። ደጁ ላይ ሦስት ባለ ጋቢ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው «ማን ሞተ?» ነው። ወዳጅዎ «እርሳው» ያለዎትን ደግሞ ይርሱት። ሁለት ወር ሞክረው አልሆነልዎትም፤ በመሀል የታመመው ጉሮሮዎ ነው።

ዛሬ ማታ ልጁን ይደውሉለት። አባቱን ሳይሆን ልጁን። በመዘግየትዎ ይቅርታ ይጠይቁትና «አዎ፣ ሰላም ብሎሃል በለው» ይበሉት። ስምዎን በትክክል ይንገሩት፤ ከየት ሠፈር እንደሆኑም ይጨምሩበት። አባቱ ብዙ ሰው አውቆ ብዙ ሰው ያጣ ስለሚሆን ማን እንደሆኑ ለማስታወስ ጊዜ ያስፈልገዋል። ከዚያ «ልመጣ ብል ደስ ይለዋል ወይ?» ብለው ያስጠይቁት። ስለ ውትድርናው ቤቱ ውስጥ አንድ ቃል ያልተናገረ ሰው በሩን ዘግቶ የያዘበት ምክንያት አለው። እርስዎ ዘው ቢሉ እንግዳ አይመልስምና ያስገባዎታል፤ ግን ሳይወድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይቅርብኝ» የማለት ዕድል በልጁ በኩል ይስጡት። ይቅርብኝ ካለም ሰላምታውን ልከው ይቆዩ። ስልክዎ እሱ ቤት ይኑር።

ና ካለዎት፣ ሃይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ማልደው ቢነሱ ለረፋድ ቡና ይደርሳሉ። ቡናና ስኳር ይያዙ። ባለቤትዎ አብረው ቢሄዱ አልጠላም፤ ሴቶቹ ሲጨዋወቱ ወንዶቹ ዝም ለማለት ይመቻቸዋል፣ እናንተም መጀመሪያ ዝም ማለት ያስፈልጋችሁ ይሆናል። ዱዓ ሲደረግ አሚን ማለቱን ለደሴ ሰው አልነግርም። በአቦሉ ይቅርታ አይጀምሩ። ስለ ክረምቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቁ። «ግራው» የሚለው ስም ደግሞ ሳያስቡት ከአፍዎ እንዳያመልጥዎት! በዕድሜ ታላቅዎ ነው፤ በገዛ ስሙ ላይ «አያ» ብለው ይጥሩት። ቶናው ሲመጣ ግን እንደ ወንድ ይንገሩት፤ «ሞተሃል ብዬ ጨዋታህን በየሰርጉ ሳወራ ነበር፤ ልጅህም ሰማኝ። ‹ግራው› የሚለውን ስም ያወጣሁብህ እኔ ነኝ፤ ለእሱ ይቅር በለኝ» ይበሉት። ይቅርታው ለስሙ ይሁን። ለሳቁ ሁሉ ይቅርታ አይጠይቁ፤ አብራችሁ የሳቃችሁበትም አለና እሱን ጭምር ከእጁ መውሰድ ይሆንብዎታል። በዚያ ማሠልጠኛ፣ ከቤቱ ለተነጠቀ ሰው፣ በየማለዳው «እንደምን አደርክ?» የሚለው አንድ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ለእርስዎም ቢሆን።

ከዚያ በኋላ አፍዎን ይዝጉ። ይህ ለእርስዎ ከእግር ጉዞውም የባሰ ነው፣ አውቃለሁ። ዝም ካለ ዝም ይበሉ፤ በረካው እስኪደርስ ጊዜ አለ። ማውራት ከጀመረ ጨዋታውን አይቀሙት። እሱ «አይ፣ እንዲያ አልነበረም» ቢል «ነበር እንጂ» አይበሉት። ልጁ አጠገቡ ይቀመጥ። አባቱን ከባዕድ አፍ በሰርግ ዳስ ውስጥ ሰምቷል፤ አሁን ከአባቱ አፍ ይስማ። እርስዎ መጨመር የሚችሉት አንድ ነገር ነው፤ በቅንፍ ያስቀሩትን የእግር ጉዞ። እሱን ልጁ ፊት ሙሉውን ያውሩት፣ እግርዎ ውሃ ከቋጠረበት ጀምረው ትጥቅዎን እስካስረከበዎት ድረስ። ይህን አባትየው ስለ ራሱ አይናገርም።

ከሰርግ ጨዋታው ይውጡ ወይም ይቀጥሉ የሚለውን እኔ አልወስንም፤ እሱን ይጠይቁት። «አውራው» ሊልዎት ይችላል፤ «ኮቾሮዋን ተዋት፣ ሌላውን አውራ» ሊልም ይችላል። የተባሉትን ያድርጉ። እስኪጠይቁት ድረስ ጉሮሮዎ እንደታመመ ይቆይ።

ደርሰው ሲመለሱ ይጻፉልኝ። ለራሴ የምጠይቅዎትም አንድ ነገር አለችኝ። የዚያን ሌሊት የይለፍ ቃል ምን እንደነበር በደብዳቤዎ አልጻፉትም፤ እርስዎም ሳይረሱት አልቀሩም። እሱ ካስታወሰ ይላኩልኝ።